መልሼ ያጠለቅኩት የጋብቻ ቀለበት

ይህ ግምገማ በግራ እጄ የቀለበት ጣት ላይ ስላሉት ሁለት ቀለበቶች ነው፤ አንዱ የመታጫ፣ ሌላው የጋብቻ። አብረው አልተሠሩም፤ አብረው ለመቀመጥም ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ነርስ ነኝ። እጄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ ስንት ጊዜ ጓንት ውስጥ ገብቶ እንደሚወጣ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ስለዚህ የምጽፈው በመስታወት ሳጥን ውስጥ ሲያብረቀርቅ ስላየሁት ዕቃ ሳይሆን አራት ዓመት ሙሉ ውሃ፣ ሳሙናና ሥራ ስለተፈራረቁበት ወርቅ ነው።

በመታጫው ልጀምር። ባለቤቴ ቀለበት ያሰረልኝ በሰማያዊ ሰንፔር ነው። ሞላላ ነው፤ ርዝመቱ 8 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 6። ረጅሙ ጎኑ በጣቴ አቅጣጫ ይተኛል። ግራና ቀኙ ላይ አንዳንድ ትንንሽ አልማዝ አለ። ወርቁ ቢጫ፣ 18 ካራት፣ ጣቴን የሚዞረው ክቡም ቀጭን ነው፤ 2 ሚሊሜትር ያህል። ሲመርጠው ከሁሉ በላይ ያሰበው ፈርጡ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ነበር። «እጅሽ ሥራ አይፈታም፤ ከፍ ያለ ከሆነ በየነገሩ ይጋጭብሻል» አለኝ። ይህን አስቦልኝ መምረጡ ዛሬም ልቤን ደስ ያሰኘዋል፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ችግርም ያንን አይቀንሰውም።

ሰንፔር መሆኑን ደግሞ አጥብቄ እደግፋለሁ። የመታጫ ቀለበት ያለ አልማዝ አይሆንም የሚል ሰው ብዙ ነው። አልማዝ ለእጮኛ መስጠት በእርግጥ የቆየ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የኦስትሪያው ማክሲሚሊያን እ.ኤ.አ. በ1477 ለቡርገንዲዋ ማርያም የሰጣት ቀለበት ነው። ነገር ግን ያ የመሳፍንት ጉዳይ ነበር። በየቤቱ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በደቡብ አፍሪካ ብዙ አልማዝ ከተገኘ በኋላ ሲሆን፣ «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለው አባባልም ፍራንሴስ ጌሬቲ የምትባል የማስታወቂያ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1947 ለአልማዝ ነጋዴው ዴ ቢርስ ኩባንያ የጻፈችው ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ፈርጥ ራሱ ግዴታ አልነበረም። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ሲጽፍ፣ በእሱ ዘመን ለታጨች ልጅ የሚላከው ፈርጥ የሌለው የብረት ቀለበት እንደነበር ይነግረናል። የብረት! ይህን ካነበብኩ ወዲህ የፈርጥ ዓይነት የፍቅር መለኪያ ነው ብሎ የሚከራከረኝን ሰው በትዕግሥት ማዳመጥ ችያለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ጥንካሬው ነው። ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞስ የጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10 ነው፣ ሰንፔር 9፣ መረግድ ከ7.5 እስከ 8፣ ኦፓል ደግሞ ከ5.5 እስከ 6.5። አቧራ ውስጥ 7 ላይ የሚቆም የኳርትዝ ቅንጣት ስላለ፣ ከዚያ በታች ያለ ፈርጥ በጨርቅ ሲወለወል እንኳ እየተጫረ ይደበዝዛል። የእኔ ሰንፔር ከአራት ዓመት በኋላ በአጉሊ መነጽር ሲታይ አንድ ጭረት የለበትም። ከሰንፔር የሚለሰልሱትን መረግድ ወይም ኦፓል ለምትወዱ ግን በየቀኑ ለሚጠለቅ ቀለበት ሳይሆን ለጆሮ ጌጥ አድርጉት እላለሁ፤ እነዚህን ፈርጦች ስለምወዳቸው ነው።

ለሠርጋችን የገዛነው የጋብቻ ቀለበት ቀጥ ያለ፣ ልሙጥ፣ 18 ካራት ቢጫ ወርቅ ነበር። ወርዱ 2 ሚሊሜትር ተኩል፣ ላይኛው ጎኑ ለስላሳ ጉብታ ያለው። ልሙጥ ቀለበት ስትሉኝ ዓይኔ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። የገዛንበት ቤት ሰዎች ትሑቶች ነበሩ፤ ጣቴን ለኩ፣ ጠቀለሉ፣ መርቀው ሸኙን። የመታጫዬ ግን ቤት ውስጥ ነበር፤ «ይዘሽው ነይና አብረን እንየው» ያለኝ ሰው የለም፣ እኔም አላሰብኩትም። በሠርጉ ዕለት የመታጫውን ወደ ቀኝ እጄ አዛወርኩ፤ የጋብቻው ባዶ ጣት ላይ እንዲገባ እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነው። ማታ የመታጫውን መልሼ ከልሙጡ በላይ አጠለቅኩት። አልገጠመም። ፈርጡ የተቀመጠበት ማቀፊያ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከክቡ አልፎ ወደ ጎን ወጥቷል፤ ልሙጡ ሲጠጋ ማቀፊያው ገፍቶ ያቆመዋል። በመካከላቸው ወደ ሦስት ሚሊሜትር የሚሆን ክፍተት ቀረ።

ክፍተቱ ለዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። እንዲያውም ክፍተቱን ወደው የሚያደርጉት አሉ፤ በሁለቱ መካከል ቆዳ ሲታይ ደስ ይላቸዋል። የእኔ ችግር ሌላ ነው። ሳሙና እዚያ ገብቶ ይደርቃል። የጥጥ ክር ይያዛል። የመታጫው ደጋፊ ስላጣ ወደ ትንሿ ጣቴ ያጋድላል። ከሁለት ወር በኋላ በክፍተቱ ልክ ቆዳዬ ቀላ፣ ማሳከክ ጀመረ። ለታካሚ ብነግረው «እርጥበት ተይዞበት ነው፣ አውልቀሽ አድርቂው» የምለው ዓይነት ነው፤ ለራሴም ያንኑ አልኩ። ከስድስት ወር በኋላ ልሙጡን በሳጥኑ መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ቀን ከፍቶኝ ነበር። የሠርግ ቀን ቀለበትን ወደ ሳጥን መመለስ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው የጋብቻ ቀለበቴ ጎባጣ ነው። ከሌላ ቤት፣ የመታጫዬን ቅርጽ በሰም ወስደው የሠሩልኝ። ከፊቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሰንፔሩን እንደ ቅንድብ ያቅፋል። የአገጣጠሙ ጥራት ልክ ነበር፤ ምስጋናዬን አልነፍግም። ሁለቱን አድርጌ እጄን ስዘረጋ አንድ ቀለበት ይመስሉ ነበር፤ ፀጉር የሚያስገባ ቀዳዳ አልነበራቸውም። የሠርጌ ፎቶ አሁን በተነሳ ኖሮ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ግን እኔ ሥራ የምውለው ፈርጥ ባለው ቀለበት አይደለም። እንደ ብዙ የሕክምና ቦታ እኛም ጋ የሚፈቀደው ፈርጥ የሌለው አንድ ልሙጥ ቀለበት ብቻ ነው፤ በፈርጡ ሥር ጀርም ይደበቃል፣ ጓንትም ይቀደዳል። ስለዚህ የመታጫውን ጠዋት አውልቄ ወጣሁ፤ ጎባጣው ብቻውን ቀረ። ብቻውን ሲሆን ባለቤቱን ያጣ ነገር ይመስላል። መታጠፊያው ወደ ጣቴ ሥር ይዞራል፣ መልሼ አስተካክለዋለሁ፣ ደግሞ ይዞራል። ጎባጣ ቀለበት የሚያምረው ጎረቤቱ አጠገቡ እስካለ ብቻ ነው። ሁለቱን ሌት ተቀን ሳትለያዩ የምታደርጉ ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው፤ እንደ እኔ የምትለያዩ ከሆነ ግን አይሆንም።

ሌላም ነገር ነበረ። ከስምንት ወር በኋላ የመታጫው ጎን ላይ ጠፍጣፋ መስመር አየሁ፤ ክብ የነበረው ጠርዝ ተላልጎ። ጎባጣውን አውልቄ ውስጡን ሳየው የታተመበት ቁጥር 585 ነው። የመታጫዬ 750 ነው። ለማታውቁት፦ 750 ማለት ከሺህ 750 እጅ ንጹሕ ወርቅ፣ ማለትም 18 ካራት ነው፤ 585 ደግሞ 14 ካራት ነው። 14 ካራት ሌላ ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ይጠነክራል፤ በቀን ሺህ ጊዜ ሲፋተግ ለስላሳውን ይበላዋል። ስናዘው «እንደ መታጫው» ብለን ነበር፤ እነሱ የተረዱት ቀለሙን ነው። ደረሰኙ ላይ ካራቱ አልተጻፈም። ይህ ያስቆጣኛል፣ አሁንም። የሚታዘዝ ቀለበት ካራቱ በጽሑፍ ይስፈር፤ ስትረከቡም ከመክፈላችሁ በፊት የውስጡን ማኅተም አንብቡ።

እኅቴ ደግሞ በሌላ መንገድ ተጎድታለች። የጋብቻዋ ቀለበት ዙሪያውን በትንንሽ አልማዝ የተሞላ ነው። አልማዞቹ ጎን ለጎን የመታጫዋን ወርቅ እንደ ሞረድ ሲሞርዱት ኖረው ክቡ ግማሹ ቀጠነ። ጣቷ ሲወፍር ማስፋት ፈለገች፤ ዙሪያውን ሙሉ ፈርጥ ያለበት ቀለበት እንደ ልሙጥ ተቆርጦ የሚሰፋበት ባዶ ቦታ የለውም። ፈርጡ ከፊት ብቻ የሆነውን ብትመርጥ ኖሮ ከኋላው ይሰፋላት ነበር።

በዚህ መሃል ለአንድ ወር የመታጫውን በቀኝ፣ ልሙጡን በግራ አድርጌ ሞከርኩ። ይህን ያሰብኩት ስለ ሌሎች ሕዝቦች ሳነብ ነው። በጀርመን የመታጫው በግራ፣ የጋብቻው በቀኝ መደረጉ የተለመደ ነው። በብራዚል ሁለቱም ተጫጮች ልሙጥ ቀለበት በቀኝ ያደርጉና ሲጋቡ ያንኑ ወደ ግራ ያዛውሩታል። በአይሁድ ሥርዓት ሙሽራው ፈርጥ የሌለበትን ቀለበት በሙሽራዋ ቀኝ ጠቋሚ ጣት ላይ ያጠልቃል። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ሁለት ቀለበት አንድ ጣት ላይ የማስማማት ራስ ምታት የለም! የግራው የቀለበት ጣት ለምን ተመረጠ የሚለውን ሮማዊው አውሉስ ጌሊየስ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል፤ ግብፃውያን ከዚያ ጣት ቀጥታ ወደ ልብ የሚሄድ ቀጭን ነርቭ አገኙ ብሎ። በሙያዬ እንዲህ ያለ ነርቭ የለም፤ የዚያ ጣት ነርቮች በክንድ በኩል አድርገው ወደ አንገት አከርካሪ ይሄዳሉ፤ ልብ ጋ አይደርሱም። ታሪኩን ግን እወደዋለሁ፤ የጋብቻውን ቀለበት ወደ ውስጥ፣ «ወደ ልብ በኩል» የማደርገውም በእሱ ምክንያት ነው። የቀኝ እጁ ሙከራ በበኩሉ አልሠራልኝም። የምሠራው በቀኝ እጄ ነው፤ ሰንፔሩ በበር እጀታ፣ በአልጋ ብረት፣ በመሳቢያ ሲጋጭ ዋለ። ልሙጡም ወደ ሳጥኑ ተመለሰ።

መጨረሻ ላይ ወደ አንድ ወርቅ ሠሪ ሄድኩ። ቤታቸው ጠባብ ናት፣ የሚሸጥ ዕቃም እምብዛም የላቸውም፤ መጠገን ነው ሥራቸው። የመታጫውንና ጎባጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩአቸው።

«ሥራ ስትሄጂ የትኛውን ነው የምታደርጊው፣ ልጄ?»

«የጋብቻውን ብቻ፣ ጋሼ። የመታጫውን አውልቄ ነው የምሄደው።»

«እንግዲያ ፈርጡ ዝቅ ማለቱ ለማን ነው?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቀኝ ሰው የለም። ዝቅ ያለው ለሥራ ተብሎ ነበር፤ ሥራ ላይ ግን አላደርገውም። «ሌላ ቀለበት ነበረሽ?» አሉኝ። በሳጥን ስላለው ልሙጥ ነገርኳቸው። «እሱ ምንም አላጠፋም። እሱን ይዘሽልኝ ነይ።»

ያደረጉት እንዲህ ነው። ፈርጡን የያዘው ማቀፊያ ከክቡ ጋር የተበየደ የራሱ ክፍል ነው። ፈርጡን አወጡ፣ የድሮውን ማቀፊያ ቆርጠው በሁለት ሚሊሜትር ያህል ከፍ ያለ አዲስ በ18 ካራት ሠሩ፣ ብየዳውን አጠሩ፣ ሰንፔሩን ጥፍር በሚባሉ አራት ትንንሽ የወርቅ መያዣዎች መልሰው አስያዙት። የተላለገውን ጠርዝ ሞሉት። አሁን ልሙጡ በሰንፔሩ ሥር ይገባል፤ ክብ ከክብ ጋር ተያይዞ ይቆማል፣ ፈርጡ ከላይ እንደ ጥላ ያርፍበታል። ሥራው አሥር ቀን ፈጀ። ጎባጣውን በወርቁ ክብደት ገዙኝ። ልሙጡ ደግሞ የሠርጌ ቀን ቀለበት ራሱ ነው። ባለቤቴ ሲያየው ቀለበቱን ከእጄ ተቀብሎ እንደገና እሱ ራሱ አጠለቀልኝ።

ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው። ጉድለት አለው ወይ ከተባለ አለው። ፈርጡ ከፍ ስላለ ሹራብ ስለብስ ጥፍሩ ክር ይስባል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እለብሳለሁ፣ ከዚያ አጠልቃለሁ። ከአራቱ ጥፍሮች አንዱ ቀጥኗል። በየስድስት ወሩ የማስመረምረውም ለዚህ ነው፤ ፈርጥ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ጥፍሩ አልቆ ሳይታወቅ ነው። ቤት ውስጥ በጆሯችሁ አጠገብ በቀስታ ስትነቀንቁት ኮሽ ካለ ፈርጡ ላልቷልና አታድርጉት። ልሙጡ በጥቃቅን ጭረት ተሸፍኖ እንደ ደበዘዘ ሐር ሆኗል። ደስ ይለኛል፤ በየዓመቱ አላስወለውለውም፣ ውልወላ ሁሉ ከወርቁ ጥቂት ያነሳልና።

ልኩን በተመለከተ፦ ሁለት ቀለበት አንድ ላይ ሲደረግ እንደ አንድ ሰፊ ቀለበት ስለሚሆን ይጠብቃል። ልካችሁን ሁለቱን አድርጋችሁ፣ ማታ ማታ፣ እጃችሁ ሲሞቅ አስለኩ፤ በብርድ ጣት ይቀጥናል። በእርግዝናዬ ሰባተኛ ወር ጣቴ ሲያብጥ ሁለቱንም በጊዜ አውልቄ ልሙጡን በአንገቴ ሰንሰለት አደረግኩት። እርጉዞች፣ «ገና ይወልቃል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሳይደርቅ በርጥቡ እንደሚባለው በቀላሉ በሚወጣበት ቀን አውልቁት።

ስለ ባለቤቴ ቀለበትም ትንሽ ልበል፣ የተከራከርንበት ነውና። እሱ የፈለገው የማይጫረውን፣ ተንግስተን ካርባይድ የሚባለውን እጅግ ጠንካራ ጥቁር ቁስ ነበር። እኔ እንቢ አልኩ። የተጎዳ ጣት ሲያብጥ ቀለበት በቶሎ መውጣት አለበት፤ ወርቅ በተራ የቀለበት መቁረጫ በደቂቃ ይቆረጣል፣ ቆይቶም ተበይዶ ይመለሳል። ተንግስተን ካርባይድ አይቆረጥም፤ በመያዣ ጉጠት ተጨምቆ እንዲሰበር ነው የሚደረገው፣ ይህን የማያውቅ ባለሙያ ካጋጠመ ደግሞ ጊዜ ይባክናል። ሊሰፋም ሊጠብም አይችልም። አሁን የሚያደርገው 5 ሚሊሜትር ወርድ ያለው፣ ውስጡ ጎበጥ ያለ የወርቅ ልሙጥ ነው፤ ላብ ሲያልበው አይጣበቅበትም።

ነጭ ወርቅ ለምታስቡ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ብሩህ ነጭነት አብዛኛውን ጊዜ ሮዲየም የሚባል ነጭ ማዕድን ልባጥ ነው፤ ሁለት ቀለበት በሚፋተጉበት ጎን ቀድሞ ይለቅና ከሥሩ ቢጫማው ብቅ ይላል። ሁለቱን በአንድ ቀን ካላስለበጣችሁ ቀለማቸው ይለያያል። ፕላቲነም ልባጥ አያስፈልገውም፤ ሲጫር ብረቱ ወደ ጎን ይገፋል እንጂ እንደ ወርቅ ቶሎ አያልቅም፤ ግን ከወርቅ ይከብዳል። ከሁሉ በላይ ግን ሁለቱ ቀለበቶች አንድ ዓይነት ብረት፣ አንድ ዓይነት ካራት ይሁኑ።

ሁለቱን ቀለበት የማጣመር ሐሳብ ራሱ አዲስ አይደለም። የእንግሊዙ ንጉሥ ጊዮርጊስ ሦስተኛ እ.ኤ.አ. በ1761 በሠርጋቸው ዕለት ለንግሥት ሻርሎት የአልማዝ ቀለበት ሰጣት፤ ዓላማውም የጋብቻ ቀለበቷን ከፊት ሆኖ እንዲጠብቅላት ነበር። ጠባቂ ቀለበት ይሉታል። የእኔ ሰንፔር አሁን ያንን ሥራ ይሠራል፤ ልሙጡ ትንሽ ሰፋ ያለ ነውና የመታጫው ከላይ ሆኖ ይይዘዋል።

ደረጃ ስጪ ካላችሁኝ፦ ለልሙጡ ከአምስት አምስት፣ ለሰንፔሩ አሁን ባለበት አራት ተኩል፣ ለጎባጣው በሥራው ጥራት አራት፣ በካራቱ ነገር አንድ። ለወርቅ ሠሪው ቁጥር አላወጣም፤ ሦስት ባልደረቦቼን ልኬላቸዋለሁ፣ ሦስቱንም መጀመሪያ የጠየቋቸው ሥራ ላይ የትኛውን እንደሚያደርጉ ነው።

የቀጠነውን ጥፍር ለማስሞላት ሰንፔሩን ትናንት ወስጄላቸዋለሁ። አንድ ሳምንት ይቆያል ብለውኛል። እስከዚያ ልሙጧ ብቻዋን ናት፤ ዛሬም ሥራ ላይ እሷን አድርጌ ውያለሁ።